ቢኤም የማን ነው? ከካራማራ እስከ አጉላዕ እጅ የቀያየረው ሮኬት እና ለአዊ ሰው የተረፈው ጥያቄ

ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አርብ ሌሊት ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ ሮኬት ወደቀ። ጎንደር ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ተመትቶ በከፊል ተጎዳ፤ ወደ ባሕር ዳር የተተኮሰው ደግሞ ከማረፊያው ወጣ ብሎ አረፈ። በማግስቱ ተረኛዋ አስመራ ሆነች። ከባሕር ዳር ዳንግላ በመኪና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንጅባራ 120 ቢሆን ነው። ያን ሰሞን እዚህ አካባቢ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ እኛስ ጋ ይደርሳል ወይ?

ጥያቄው የሚገባ ነበር። ግን ከሱ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሮኬቱ የማን ነበር?

መልሱ ቀላልም መራራም ነው። የራሳችን ነበር። በዚህች አገር ገንዘብ የተገዛ፣ በዚህች አገር ሠራዊት መዝገብ ላይ የነበረ፣ ይህችን አገር ከውጭ ጠላት ለመጠበቅ ድንበር ላይ የቆመ መሣሪያ ነው። እና ይህ በታሪካችን የመጀመሪያው አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራዊት የሮኬት መድፈኛ ታሪክ ከጥግ እስከ ጥግ ቢነበብ፣ መሣሪያው ሲመጣ፣ ሲማረክ፣ ዞሮ ባለቤቱን ሲመታ፣ ተመልሶ ሲረከብ፣ ከዚያ እንደገና ሲማረክ ነው የምናየው። ዛሬ ይህን ታሪክ እናወራለን፤ ምክንያቱም ነገ የሚያገኘው እኛኑ ስለሆነ።

▪ መሣሪያው ምንድን ነው?

ወታደሩም ሕዝቡም በአጭሩ "ቢኤም" ይለዋል። ሙሉ ስሙ ቢኤም 21 ነው፤ ሩሲያውያኑ "ግራድ" ይሉታል፣ በረዶ ማለት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) የሶቭየት ጦር የታጠቀው ነው። ቅድመ አያቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖችን ያስደነገጠው ካቱሻ ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ከባድ የጭነት መኪና አለ፤ ከኋላው 40 ቱቦዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ 122 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ክብደቱ 66 ኪሎ ገደማ የሆነ ሮኬት ይገባል። 40ዎቹም በ20 ሴኮንድ ውስጥ ወጥተው ያልቃሉ። የተለመደው ሮኬት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ለአዊ ሰው እንዲገባ እንንገር፦ ከእንጅባራ ቢተኮስ አዲስ ቅዳም አካባቢ ይደርሳል፣ ዳንግላ ግን አይደርስም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። መድፍ አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ተመልካቹ የት እንደወደቀ አይቶ ያርማል፤ ሁለተኛው ይቀርባል፤ ሦስተኛው ኢላማውን ያገኛል። ቢኤም እንደዚያ አይሠራም። አርባውን አንድ ላይ ያዘንባል፤ እያንዳንዱ ሮኬት በነፋሱም በራሱ ግፊትም ትንሽ ትንሽ ይስታል፤ እና በብዙ መቶ ሜትሮች ስፋት ላይ ይበተናሉ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የተሠራው እንዲያ እንዲሆን ነው። ሜዳ ላይ የተበተነ ጦር፣ የታንክ መሰብሰቢያ፣ የመድፍ ቦታ ለመምታት ይሆናል። የሶቭየት አደረጃጀት በአንድ ሻለቃ 18 መኪና ያስታጥቅ ነበር። አስሉት፦ 18 ጊዜ 40 ማለት 720 ሮኬት፣ በ20 ሴኮንድ።

ሜዳ ላይ ሲሆን እሺ። ከተማ ላይ ግን ብዙ መቶ ሜትር ማለት ምን ማለት ነው? የእኛ ከተሞች በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ የተደረደሩ ናቸው። መናኸሪያው፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ፖሊስ ጣቢያው የእግር መንገድ ናቸው። ፖሊስ ጣቢያውን ብቻ እመታለሁ የሚል ቢኤም ተኳሽ ሊኖር አይችልም።

▪ እንዴት ወደ አገራችን መጣ?

እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ሠራዊት በአሜሪካ መሣሪያ የተገነባ ነበር። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። መስከረም 1970 ጅግጅጋ ወደቀች። የሚገርመው፣ የሶማሊያን ጦር ያስታጠቀችው ሶቭየት ኅብረት ራሷ ነበረች። ከዚያ ፊቷን ወደ ደርግ አዞረች፤ ከኅዳር 1970 ጀምሮ በአየርም በባሕርም መሣሪያ አጎረፈች። የኩባ ወታደሮች መጡ። ከታንኩና ከመድፉ ጋር ቢኤምም የመጣው ያኔ ነው።

የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራን አልፎ ጅግጅጋ ተመለሰች። ቀኑን ዛሬም በየዓመቱ እናከብራለን። በዚያ ጦርነት ቢኤም ለተሠራለት ዓላማ ዋለ፦ ከውጭ የመጣ መደበኛ ጦር፣ ሰፊ ሜዳ፣ ግልጽ ግንባር። የሮኬት መድፈኛው ስም የተተከለው እዚያ ነው። የምሥራቁ ጦርነት ሲያልቅ ግን መሣሪያው ወደ መጋዘን አልገባም። ወደ ሰሜን ተጫነ።

▪ አፍአበት፦ መጀመሪያ የዞረበት ቀን

በኤርትራ ተራሮች የናደው ዕዝ ዓመታት ቆመ። ሦስት ክፍለ ጦሮች ነበሩት፣ 14ኛው፣ 19ኙ እና 22ኛው፤ ሜካናይዝድ ብርጌድም ነበረው። ከመጨረሻው ውጊያ ጥቂት ሳምንታት በፊት የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በኮሎኔል መንግሥቱ ትእዛዝ ተገደሉ። ጦሩ አዛዡን አጥቶ ሻዕቢያን ጠበቀ።

ከመጋቢት 8 እስከ 10 ቀን 1980 በነበሩት ሦስት ቀናት ሁሉም ነገር አለቀ። ወደ ኋላ ያፈገፈገው ሜካናይዝድ ጦር ጠባብ ተራራ መተላለፊያ ላይ ተዘጋበት፤ የፊቱ ተመትቶ ሲቆም የኋላው መዞሪያ አጣ። ከዚያ የደርግ አውሮፕላኖች መጥተው የራሳቸውን ወገን መኪና ደበደቡ። ለምን? መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ። መንግሥት ራሱ መሣሪያው እንደሚዞርበት ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ እንዲያውም የራሱን ወታደር እስከ ማቃጠል ድረስ።

አልተሳካም። ታንኩም፣ 130 ሚሊ ሜትር መድፉም፣ ቢኤሙም በሻዕቢያ እጅ ገባ። ሦስት የሶቭየት መኮንኖችም ተማረኩ። በዓመቱ፣ የካቲት 1981፣ ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ፈረሰ፤ የዚህኛው መሣሪያ ደግሞ ለሕወሓት ደረሰ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ሄደች። ከዚህ በኋላ ከባድ መሣሪያ ያለው መንግሥት ብቻ ነው የሚባል ነገር ቀረ።

የካቲት 1983 ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስን ጀምሮ ጎንደርንና ጎጃምን ከደርግ እጅ ሲያወጣ፣ በአካባቢያችን መንገዶች ላይ የተነዳው ከባድ መሣሪያ ከማን የተገኘ ነበር? ከደርግ። የተማረከው መሣሪያ መሣሪያ እየማረከ መጣ። ግንቦት 20 ቀን 1983 አዲስ አበባ ተያዘች፤ የደርግ ሠራዊት ፈረሰ፤ የቀረው ንብረት ወደ አዲሱ ሠራዊት ተላለፈ።

ታዲያ ታሪኩ እዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። አልቆመም። ግንቦት 1990 የባድመ ጦርነት ሲነሳ ኢትዮጵያና ኤርትራ ፊት ለፊት ተሰለፉ። በሁለቱም ወገን ምሽግ ቢኤም ነበር። ኤርትራ ከያዘቻቸው መሣሪያዎች ውስጥ እነዚያ ከደርግ የተማረኩት ይገኙበት ነበር። ለካራማራ የመጣው መሣሪያ ከ20 ዓመት በኋላ በሁለት አገር ባንዲራ ሥር ሆኖ እርስ በርሱ ተተኳኮሰ።

▪ 2013፦ ያው ታሪክ፣ ረዘም ባለ ርቀት

ከባድመ በኋላ ድንበሩ ሃያ ዓመት ገደማ ጦርነትም ሰላምም ሳይሆን ቆየ። ስለዚህ የሠራዊቱ ከባድ መሣሪያ ትልቁ ክፍል በሰሜን ዕዝ፣ ትግራይ ውስጥ ተቀመጠ። ለኤርትራ ተብሎ። በመሀሉ ሠራዊቱ ከቻይና ረጅም ርቀት የሚሄዱ ሮኬቶችና ሚሳኤሎችን ጨመረ። ከእነሱ አንዱ፣ ኤም 20 የሚባለው፣ አምራቹ እንደሚለው እስከ 280 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከቢኤም ጋር ሲነጻጸር 14 እጥፍ ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የሰሜን ዕዝ ተጠቃ። የጦር ሰፈሮች ተያዙ። መኪናው ብቻ አይደለም የተያዘው፤ መሣሪያውን የሚያውቁት ባለሙያዎችም ለሁለት ተከፈሉ። ይሄ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሮኬት መኪናውን መያዝ ብቻውን አይጠቅምም። የት ቆሞ እንደሚተኩስ በትክክል የሚለካ፣ የኢላማውን ቦታ የሚያሰላ፣ የነፋሱን ሁኔታ የሚያመጣ፣ ሮኬቱን የሚጭን፣ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ሰው ያስፈልጋል። ብርጌድ ማለት ብረቱ ሳይሆን እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሰዎቹ ሲከፈሉ ብርጌዱ ተከፈለ።

በአሥረኛው ቀን ነው እንግዲህ ጎንደርና ባሕር ዳር የተመቱት። የሕወሓት ቃል አቀባይ ማረፊያዎቹ ለአየር ድብደባ ስለዋሉ ነው የመታናቸው አሉ። ከትግራይ እስከ ባሕር ዳር በአየር መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቢኤም የሚታሰብ አይደለም። በዚያው ወር ባሕር ዳር ላይ በድጋሚ ተተኩሷል። ኤርትራን ለመከላከል የተቀመጠው መሣሪያ አማራ ክልል ከተሞች ላይ ዞረ ማለት ነው።

በሌላው አቅጣጫም ከተማ ተመቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች የካቲት 2013 ባወጣው ሪፖርት፣ በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንታት የፌደራል ኃይሎች መቀሌ፣ ሑመራና ሽሬ ላይ በተኮሱት ከባድ መሣሪያ ቢያንስ 83 ሲቪሎች መሞታቸውን፣ ከ300 በላይ መቁሰላቸውን ዘርዝሯል። ቤት፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ተመቷል። ባሕር ዳር ላይ ሲተኮስ የምንጮህ ከሆነ ሽሬ ላይ ሲተኮስም መጮህ አለብን። የሽሬ እናት ከዳንግላ እናት በምን ትለያለች?

▪ አጉላዕ፦ ርክክቡ

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ኅዳር 3 ደግሞ የሁለቱ ወገን አዛዦች ናይሮቢ ላይ አፈጻጸሙን ተስማሙ። ጥር 2015 መጀመሪያ ላይ ከመቀሌ ሰሜን በምትገኘው አጉላዕ፣ የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ባሉበት፣ የትግራይ ኃይሎች ታንክ፣ ሮኬትና ሞርታር ማስረከብ ጀመሩ። መሣሪያው ወደ ቀድሞ መዝገቡ ተመለሰ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከባድ መሣሪያ ያለ ተኩስ፣ በሰነድ፣ በሦስተኛ ወገን ፊት እጅ የቀየረበት ጊዜ ቢፈለግ ከዚህ ሌላ ለመጥቀስ ይከብዳል። አፍአበት በደም ነው፣ ሽሬ በደም ነው፣ 1983 በደም ነው። አጉላዕ ግን በፊርማ ነው። ይቻላል ማለት ነው።

ችግሩ ግን ዓመት እንኳን ሳይሞላ የጦርነቱ ማዕከል ወደ አማራ ክልል መዞሩ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ኃላፊ ለዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። በማግስቱ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከደብረ ብርሃን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የጥቃትና የከባድ መሣሪያ ተኩስ ተአማኒ ሪፖርት እንደደረሰው፣ ሲቪሎች እንደተጎዱና መኖሪያ አካባቢዎች እንደተመቱ ገለጸ።

ቡሬ የት ነው? ከእንጅባራ በጥሊሊ ወርዳችሁ የምታገኙት ጎረቤት ከተማ ነው። በ2013 "እኛ ጋ ይደርሳል ወይ" ብለን ስንጠይቅ ከሰሜን በኩል የሚመጣ ነበር የምናስበው። በሦስት ዓመት ውስጥ ጥያቄው ከደጃችን ቆመ።

▪ "ኢላማዬ ወታደራዊ ነበር" ይበቃል?

ከተማ ላይ ሮኬት የተኮሰ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ኢላማዬ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር፣ ኢላማዬ ታጣቂው ነበር። ይህን መልስ አንድ ፍርድ ቤት መርምሮት ያውቃል።

በ1987 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ የክሮኤሺያ ሰርቦች መሪ ሚላን ማርቲች ዋና ከተማዋ ዛግሬብ ላይ ኦርካን የሚባል ሮኬት እንዲተኮስ አደረገ። ሁለት ቀን። 7 ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ቆሰለ። ማርቲች ዘ ሄግ ላይ ለቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ጉዳይ የተቋቋመው ፍርድ ቤት ቀረበ። መከላከያው ያው ነበር፦ ዛግሬብ ውስጥ ወታደራዊ ኢላማዎች ነበሩ። ዳኞቹ ምን አሉ? ኢላማ መኖር አለመኖሩ ነገሩን አይለውጠውም፤ መሣሪያው ከዚያ ርቀት ሲተኮስ አንድን ነጥብ ለይቶ መምታት አይችልም፤ ሰው በበዛበት ከተማ ላይ መተኮሱ ራሱ ሲቪሉን መምታት ነው። ከሌሎች ወንጀሎች ጋር ተደምሮ በ1999 ዓ.ም. 35 ዓመት ተፈረደበት።

ኢትዮጵያም የጄኔቫ ስምምነቶችን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሲቪሉን ዒላማ ማድረግ በውጭ ጦርነትም በአገር ውስጥ ግጭትም ክልክል ነው። ስለዚህ "ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ" የሚለው ወሬ በሕግም አይሄድም። እና የሮኬት ተኩስ የባለጌ ክላሽ ተኩስ አይደለም። ትእዛዝ አለው፣ የተሰላ ቦታ አለው፣ የወጣ ጥይት ብዛት አለው። ማን አዘዘ የሚለውን ለማወቅ የሚፈልግ ካለ መንገዱ አለ።

▪ ለአዊ ሰው ምን ይላል?

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲወጣ እናያለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓድዋን እና የአርበኞቹን ዘመን የሚያስታውሰው በፈረስ ነው። እዚህ አገር የጦርነት ታሪክ ማለት የማን ፈረስ፣ ማን ጋልቦ፣ የት ዋለ የሚል ነው። ባለቤት አለው፣ ስም አለው፣ ተጠያቂ አለው። የሮኬት ብርጌድ ታሪክ ግን እንደዚያ አይነገርም። ማን ገዛው፣ ስንት ነበር፣ የት ሄደ፣ ስንት ተመለሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በግብራችን የተገዛ ሆኖ ሳለ የምንሰማው ሲወድቅ ብቻ ነው።

እኛ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት እንላለን።

አንደኛ፣ ቆጠራ። በአጉላዕ የተረከበው መሣሪያ ከ2013 በፊት ከነበረው መዝገብ ጋር ተነጻጽሮ፣ የጎደለው ጎደለ ተብሎ፣ ቢያንስ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ይቅረብ። የመሣሪያ ምሥጢር ይኑር፣ እንስማማለን፤ ዝግ ስብሰባ ይሁን። ግን ያልተቆጠረ መሣሪያ ነገ ማን ላይ እንደሚዞር ከአፍአበት ተምረናል።

ሁለተኛ፣ ከተማ ላይ አይተኮስ። ቢኤምም ይሁን ሌላ ሰፊ ቦታ የሚመታ መሣሪያ፣ መንግሥትም ይተኩሰው ታጣቂ፣ ከተማና የገጠር ቀበሌ ላይ እንዳይተኮስ ሁሉም ወገን በግልጽ ቃል ይግባ። ታጣቂውም ከተማ መሀል መሽጎ የሕዝቡን ቤት ጋሻ ማድረጉን ይተው። ሰላም እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ በጦርነት መሀልም ቃል ይገባል።

ሦስተኛው ዛሬውኑ የሚደረግ ነው። ውጊያ በነበረበት ቦታ ሁሉ ያልፈነዳ ተተኳሽ ይቀራል። የቢኤም ሮኬት ሳይፈነዳ ሲቀር ብዙ ጊዜ ጭራው ከመሬት ወጥቶ የብረት ቧንቧ ይመስላል። እረኛ ልጅ ያየዋል፣ ብረት ሰብሳቢ ያየዋል፣ ገበሬ በማረሻ ይነካዋል። አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ አጠገቡ እሳት አታንድዱ። ቦታውን ከሩቅ በሚታይ ነገር ምልክት አድርጉና ለሚመለከተው አካል ተናገሩ። ትምህርት ቤቶች ይህን በሰልፍ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቢናገሩት በጀት አይጠይቅም።

ጄኔራሎቹ መሣሪያው የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ሁልጊዜ "የእኛ ነው" ይላሉ። ደርግም ብሏል፣ ሻዕቢያም ብሏል፣ ሕወሓትም ብሏል፣ ዛሬም ይባላል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መሣሪያው ግን ከማንም ጋር አልቆየም። የቆየው ከታች ያለው ሰው ነው፤ የጅግጅጋው፣ የአፍአበቱ፣ የሽሬው፣ የጎንደሩ፣ የቡሬው። ስለዚህ ቆጠራውን መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየአካባቢያችሁ ያልፈነዳ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ለአካባቢው ፖሊስ ወይም ለቀበሌ ተናገሩ፤ ሐሳባችሁን ደግሞ ለእኛ ጻፉልን። ለወላጆችና ለመምህራን እንዲደርስ አጋሩት።